የሰይድ ሺንግል እና የእኔ ዓይን

ጣሪያ የባለቤቱ አይደለም፤ የጎረቤት ነው። እስቲ ልብ በሉ፣ ሰው ቤት ሠርቶ ሲገባ ግድግዳውን ያያል፣ ወለሉን ይረግጣል፣ እንቅልፍ ሲከዳው ተጋድሞ ኮርኒሱ ላይ ያፈጣል፤ ጣሪያውን ግን አያየውም። የሚያየው ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ነው። ምሳ ምን እንደበላችሁ አጥራችሁ ይሸፍንላችኋል፣ ከሚስታችሁ ጋር የተባባላችሁትም ድምፃችሁን ዝቅ ካደረጋችሁ እዚያው ይቀራል፤ ጣሪያ ግን «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» እንደሚባለው ነው። ቢያጎነብስም አይደበቅ።

ስለዚህ ጣሪያ የሚሠራ ሰው ለራሱ የሠራ ይመስለዋል እንጂ የሠራው ለጎረቤቱ ዓይን ነው። ጎረቤቱ ደግሞ እንደኔ ያለ፣ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ግቢ ሲወጣ ከውሃው በፊት የሰው ቤት የሚያይ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ከበድ ይላል። ሰዎች ስለ ቅናት ሲያወሩ እንደ በሽታ አድርገው ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ቅናት ከበሽታ ይልቅ ወደ ሥራ ያደላል። ትጋት ይጠይቃል፣ መግቢያ ሰዓት እንጂ መውጫ ሰዓት የለውም፣ በዓልና እሑድም አያውቅ። የሌለው ደመወዝ ብቻ ነው።

የእኔን ሥራ የሰጠኝ ሰይድ ነው።

ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። እዚሁ ቆቦ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ ከአንድ ማሳ የማሽላ እሸት ሰርቀን አብረን ተባርረናል። ከዚያ እሱ ትምህርቱን በጊዜ ትቶ ሽንኩርት ንግድ ገባ፤ እኔ ደግሞ ተምሬ ተምሬ የባዮሎጂ መምህር ሆንኩ። ምን ማለት እንደፈለግሁ ገብቷችኋል። ቦታ ስንመራም ጎን ለጎን ደረሰን፣ ቤታችንን የሠራልን አናጢ አንድ፣ የመታልንም ቆርቆሮ አንድ ዓይነት ነበር። የራያን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን ቀን ሁለታችንም እኩል እንጋገራለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲያወርደው ሁለታችንም ከየሚስቶቻችን ጋር በምልክት እየተነጋገርን እኩል ደንቁረን እንቀመጣለን። እኩልነት የሚባለውን ነገር ሰዎች በየስብሰባው ብዙ ያወሩለታል። እኔ የማውቀው እኩልነት ያ ነው።

ታዲያ ሰይድ ያንን ቤት አፈረሰው። በቦታው ዘመናዊ ቤት አቆመ፤ ማቆሙንስ ያቁም፣ ጣሪያውን ግን ሺንግል መታው። ሺንግል ለማታውቁት፣ ከሬንጅ የሚሠራ ጠፍጣፋ ንጣፍ ነው፤ ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር ተነስንሶበት እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ ይመታል። የሰይድ የማር ቀለም ያለው ነበር። ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየው። «በቆቦ ሙቀት የሬንጅ ጣሪያ? በግንቦት ቀልጦ በአሸንዳው ይወርዳል» ያሉ ነበሩ። እኔም ሳይንሱ እንደማይደግፈኝ እያወቅሁ ግንቦትን በጉጉት ጠበቅሁ። ግንቦት መጣ፤ እኔ ቀለጥሁ፣ ጣሪያው አልቀለጠም።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰርግ ያለው ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ እዚያ በር ላይ ይቆም ጀመር። ከጎብዬ ለገበያ የመጣ ገበሬ ሳይቀር አህያውን አቁሞ ቀና ብሎ ያያል። ድሮ ባጃጆች የእኛን መንደር «መምህሩ ጋር» ነበር የሚሉት፤ መምህሩ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጅ ይዤ «መምህሩ ጋር ውሰደኝ» ብለው ልጁ ዞሮ አየኝና «የቱ መምህር?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ከጎኔ ሽንኩርቷን አቅፋ የተቀመጠች ሴት ደግነት አገኛትና «ሺንግሉ አጠገብ ያለው» አለችለት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአለምነሽ ነገርኳት። አለምነሽ ነገርን ማብረድ ትችላለች፣ ስትፈልግ ግን ነው። «እውነቷን ነው፤ አጠገቡ አይደለህ እንዴ» አለች። ቀጥላም የሰይድን ሚስት አንስታ፣ «ዘይነባ እንደነገረችኝ እነሱ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ አይሰማም አሉ።»

«ዝናብ የማይሰማ ሰው ምን ሊሰማ ነው?» አልኳት።

«ባሏ የሚያወራውን ትሰማለቻ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዲህ ቅናት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

እንዲህ እያለ ክረምት መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ ክረምት መጣ። በዚህኛው ክረምት አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ቆሜ ሳይ፣ ወደ እኔ ግቢ በሚያዘነብለው ክንፍ ላይ አንድ ጥቁር መስመር አየሁ። ቀጭን ናት፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ቀለም ያንጠባጠበ ይመስላል። ዓይኔ እንዳይሆን ብዬ መነጽሬን አምጥቼ አየኋት። አለች። በማግስቱም አለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘመዶቿን ይዛ መጣች። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? ያን ሰሞን ቁርስ ይጣፍጠኝ ነበር።

ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። አልጌ ነው። ኩሬ ላይ ለምታዩት አረንጓዴ ነገር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ይኼኛው ጥቁር ካባ ለብሶ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ጥላ ይወዳል፣ እርጥበት ይወዳል፣ ሺንግሉ ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ደግሞ ይመገባል። በቆቦ ደረቅ አየር ማን አምጥቶት እንዳትሉኝ። ጥላው ከእኔ ግቢ ነው፤ አጥሩ ሥር ያለው የኒም ዛፌ ግማሽ ጎኑን ሰይድ ጣሪያ ላይ አሳርፎ ይኖራል። እርጥበቱ ከራሱ ከሰይድ ነው። ከቤቱ ጎን ከፍ አድርጎ ያቆመው የውሃ ሮቶ፣ ሲሞላ ውሃውን የምትዘጋው ኳስ ተበላሽታበት፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ሞልቶ እየፈሰሰ ጣሪያውን ያጥበዋል። እኛ ጄሪካን ደርድረን ቧንቧችን ሲያስነጥስ እናዳምጣለን፤ የእሱ ጣሪያ ገላውን ይታጠባል። አያችሁ፣ ከላይ የወረደ ቅጣት ማለት ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ ሳውቅ ለሰይድ ነገርኩት? አልተጠየቅሁማ። መምህር ሳይጠየቅ የሚያስተምረው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ግን ሳይጠየቅም ተናገረ። አንዱ የመኪና ጭስ ነው አለ፣ መንገዱ ቅርብ ነውና። ሌላው ሬንጁ ነው መቅለጥ የጀመረው አለና ከግንቦት ጀምሮ የያዘውን ተስፋ አደሰ። የሰይድ ሚስት ዘይነባ ግን በር ላይ ከሴቶች ጋር ቆማ፣ እኔ በዚያ ሳልፍ ጠብቃ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ዓይን ነው፣ ወላሂ ዓይን ነው የበላው» አለች።

ወደ ቤት ስገባ ነገሩ ከነከነኝ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ጣሪያ በዓይን እንደማይጠቁር አውቃለሁ። በዓይን የሚጠቁር ቢሆንማ ክረምት ሳይጠብቅ ገና ምስማሩ ሲመታ በከሰለ። ግን ደግሞ እየቆየሁ ሳስበው፣ ዘይነባ የተሳሳተችው በሳይንሱ እንጂ በሰውየው አይደለም።

አሁን ወደ ጭንቁ ልምጣ። የሰይድ የመጀመሪያ ልጁ ሐያት፣ እኔ ራሴ ያስተማርኳት፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጨዋ ልጅ፣ ከዋጃ ባል መጣላት። የልጁ ቤተሰቦች የታወቁ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ክረምቱ ወጣ ሲል መጥተው ኒካሁን ሊያስሩ ተቀጠረ። ሰይድ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ድሮም ያሳስበዋል። ሽማግሌዎች ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ምን እንደሆነ እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም ያውቃል።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጣና ኒሙ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«መኮንን፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው» አለ።

«አብሽር፣ ምንድነው?»

«ይቺ ኒም። ጣሪያዬን ያጠቆረችው እሷ ናት አሉኝ። ብትቆርጥልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ወደ እኔ የመጣውን ብቻ።»

«ሰይድ፣ ወደ አንተ የመጣው ግማሿ ነው። ግማሽ ዛፍ ደግሞ አይቆምም።»

«ታዲያ ልጄ በጥቁር ጣሪያ ሥር ትዳር?»

ይኼኔ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ነገር አፌ ላይ መጣ። «አንተ ሺንግል አለህ፤ ቤትህ ቀን በፀሐይ አይግል፣ ማታ በዝናብ አይጮህ። እኔ ያለኝ ቆርቆሮና ይቺ ጥላ ናት። ጥላዬን ወስደህ ሽማግሌ ልትቀበልባት ነው?»

ሰይድ፣ «ለሰላምታ ያህል ነው የመጣሁት» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታችን አጠረ። ድሮ «እንዴት አደርክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ እናት እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ» እያልን መንገድ እንዘጋ የነበርን ሰዎች፣ በአንገት ብቻ መነጋገር ጀመርን። ሚስቶቻችን እንኳ በአጥር ላይ መቀባበላቸውን ተዉት። ለካ ጎረቤት ሲኮራረፍ መጀመሪያ የሚርበው ወንፊትና መጥረቢያ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲቃረቡ ሰይድ ሌላ ዘዴ አመጣ። ከጎብዬ አንድ ላቫጆ ያለው ሰው አስጠራ፤ መኪና የሚያጥብበትን የግፊት ማሽን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰውየው ቱቦውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣና ውሃውን ለቀቀው።

እኔ ኒሜ ሥር ወንበር አውጥቼ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጥቁሩ ነገር ውሃው በነካው ቁጥር እየተገፈፈ ሲወርድ፣ ከሥሩ ያ የማር ቀለም እንደገና ብቅ ሲል፣ ወንበሬን ወደ አጥሩ ጠጋ አደረግሁ። ይኼ ሰው ሁለት ጊዜ አዲስ ጣሪያ ሊኖረው ነው ማለት ነው። እኔ አንድም ጊዜ አልነበረኝ።

ቀጥሎ ድምፁን ሰማሁ። ከአሸንዳው ውስጥ ከውሃው ጋር ሽሽሽ የሚል ነገር ይወርዳል፤ ጤፍ ከቁና ወደ ጆንያ ሲገለበጥ የሚሰማው ዓይነት። አጥሩ ሥር ስመለከት የሚፈሰው ውሃ ማር የመሰለ ጠጠር ይዞ ወደ ግቢዬ ገብቷል። ገባኝ። ማሽኑ አልጌውን ብቻ አይደለም የሚያጥበው፤ የሺንግሉን ቆዳ ይገፈዋል። ሬንጁ በሙቀቱ ለስልሶ ሰውየው በረገጠበት ሁሉ የጫማው ቅርጽ እየቀረ ነው። ያ ጠጠር ከሄደ ደግሞ ሬንጁ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው።

ሻዬን ፉት አልኩ።

አለምነሽ ከቤት ወጥታ ወደ ላይም ወደ እኔም አየች። «ምን እየሆነ ነው?»

«ጣሪያው እየታጠበ ነው።»

«እሱን አይቻለሁ። የአንተ ፊት ለምን እንደ ሰርግ ቤት በራ ነው የምልህ።»

ይኼኔ ሐያት ወደ አጥሩ መጣች። ከአሸንዳው ሥር እፍኝ ሙሉ ጠጠር አፍሳ ይዛለች፤ መዳፏን በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፋ አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ከጣሪያው ነው እንዴ የሚወርደው?»

ሰይድ ቢሆን የጠየቀኝ «እንጃ» እለው ነበር፤ አሁንም ይህን አልክድም። ይቺ ግን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ስትጠይቀኝ የኖረች ልጅ ናት፤ አጠያየቋ እንኳ አልተለወጠም። ሰው ባሪያ የሚሆንለት ልማድ አለው፤ የእኔ፣ ተማሪ ሲጠይቅ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ነው።

«አዎ፣ ቆዳው ነው። ይኼ ካለቀ ጣሪያው አብሮ ያልቃል» አልኳት። ከዚያ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁና ወደ ላይ ጮህኩ፤ «ማሽኑን አቁም፣ አቁመው።»

ሰውየው አልሰማኝም። በበሩ ዞሬ ግቢያቸው ገባሁና ሶኬቱን ነቀልኩት። ውሃው ተንጠባጥቦ ቆመ። ዘይነባ ከውስጥ ወጣች፣ ሥራ የፈታ ጎረቤት በበሩ ተሰበሰበ፣ ሰይድም ሻሹን ከአንገቱ እየፈታ መጣ።

«ምን አደረግህ?» አለኝ።

«ጣሪያህን እያጠፋው ነው።»

«እያጠራው ነው። አይታይህም?» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ «ወይስ ሲጠራ ከፋህ? መኮንን፣ እውነቱን ተናገር፤ አንተ እኮ ይኼ ጣሪያ ከተመታ ጀምሮ ቀንተሃል» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘይነባ መሬት መሬት ታያለች። በሕይወታችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ በአደባባይ ገጥሟችሁ ያውቃል? «አልቀናሁም» ብል ማን ያምነኛል? ሰፈሩ ስሜን ከሚያውቀው ይልቅ ቅናቴን ያውቀዋል።

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» አልኩት። «አንተ ሥሩ ተኝተህ ትኖራለህ፤ እኔ ሳየው እኖራለሁ። ስለዚህ ጣሪያህን ካንተ በላይ አውቀዋለሁ። ና፣ ከእኔ በኩል ላሳይህ።»

ላቫጆው ከላይ ሆኖ ሳቀ። የሰይድ ፊት ግን አልሳቀም፤ ቢሆንም ተከተለኝ። መሰላሌን ኒሙ ላይ አስደግፌ አወጣሁት። የገዛ ጣሪያውን ከዚህ በኩል ሲያይ የመጀመሪያው መሆኑን ያወቅሁት አፉን ከፍቶ ሲቀር ነው።

«ይኼን ያህል ጠቁሮ ነበር?» አለ፣ ገና ወዳልታጠበው በኩል እያየ።

«እሱን ተወው። ያቺን ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ የወጣችውን የብረት ቱቦ ተመልከት። ከሥሯ ምን ይታይሃል?»

አንገቱን አስግጎ፣ «ንጹሕ ነው» አለ። «ከእሷ በታች እስከ ጫፍ ድረስ አንድ መስመር ምንም አልጠቆረም። ማን አጥቦት ነው?»

«ቱቦዋ ናት። አንገቷ ላይ የታሰረው ላሜራ ዚንክ የተቀባ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከዚንኩ ጥቂት ጥቂት እያሟሟ በዚያ መስመር ያወርደዋል፤ አልጌ ደግሞ ዚንክ ባለበት አይበቅልም። ከጣሪያው አናት ላይ ዳር እስከ ዳር የላሜራ ቁራጭ ብታስመታ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደዚያ መስመር ይሆናል።»

«ዚንክ ያልከው…»

«ቆርቆሮ ላይ ያለው የሚያብረቀርቀው ነገር ነው።»

ሰይድ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ረጅም ጊዜ ወደ እኔ ቤት ጣሪያ አየ። «እኔ እኮ ቆርቆሮን ጠልቼ ነው ሺንግል የመታሁት» አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል በውስጤ ቋጥሬ ለዓመት እደሰትበት ነበር። ያን ሰዓት ግን እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ መሰላሉ እንዳይወድቅ ኒሟን ያዝን።

ላቫጆው ማሽኑን ጭኖ ተመለሰ። በማግስቱ ማለዳ፣ ሬንጁ ሳይግልና ነፋስ ሳይነሳ፣ ሥራ ጀመርን። በረኪና በውሃ በጥብጠን፣ ሰይድ ሽንኩርቱ ላይ መድኃኒት የሚረጭበትን መርጫ አጥበን ሞላነው። ሐያትና አለምነሽ መጀመሪያ ከሥር ያለውን አትክልትና የኒሙን ቅጠል በውሃ አራሱት፤ በረኪናው ቢያርፍበት እንዳያቃጥለው ነው። ከዚያ ሰይድ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ ጣሪያውን ሳይረግጥ፣ ቀስ እያለ ረጨው። ትንሽ ቆይተን ግፊት በሌለው ውሃ ከላይ ወደ ታች አለቀለቅነው። ጥቁሩ ሁሉ አልሄደም፤ ግን ደበዘዘ። «የቀረውን ዝናቡ ቀስ እያለ ያወርደዋል፤ አትቸኩል» አልኩት። መቸኮል የለመደ ነጋዴ ስለሆነ ይህን መስማት ከበረኪናው ይልቅ አቃጠለው።

ሮቶው ላይ አዲስ ኳስ አስገጠመ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ውሃ ሲፈስ የሚሰማው ከዚያ በኋላ በሕልሙ ብቻ ሆነ። ላሜራውን በተመለከተ፣ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ያስቀመጥኩት ዚንክ የተቀባ ያልተነካ ነበረኝ፤ ሸንሽነን አናቱ ላይ ከላይኛው ንጣፍ ሥር ጫፉን አስገብተን መታነው። እኔም ሳልጠየቅ መጋዝ አመጣሁና ጣሪያው ላይ ተኝቶ የነበረውን አንዱን የኒም ቅርንጫፍ ቆረጥሁ። ግማሿን አይደለም። አንዱን ብቻ። ዘይነባ ያን ለት በአጥሩ ላይ ትኩስ ቂጣ አቀበለችን። «መምህር፣ ያን ቀን ያልኩትን…» ብላ ጀመረች። «ምን አልሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። እንዲህ ታረቅን።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ እኔም ትምህርት ሰጥቼ ወግ አሳምሬ በተሰናበትኳችሁ። አላለቀም።

ሽማግሌዎቹ ከዋጃ መጡ። ሰይድ ያልደገሰው ነገር የለም፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹም ባርከን ያረድነውን ለብቻ አሰናድቷል። ገና ከመኪና ሲወርዱ የሙሽራው አጎት፣ ሐጂ እየተባሉ የሚጠሩ ትልቅ ሰው፣ ቆም ብለው ጣሪያውን አዩት። እሳቸውም ለካ ዋጃ ላይ ሺንግል አስመትተው የእሳቸውም ጠቁሮባቸው ሰው ሲያፈላልጉ ነበር።

«ሰይድ፣ ይኼን ማን አጠራልህ?» አሉ።

«ጎረቤቴ፤ መምህር መኮንን» አለ ሰይድ በኩራት።

ያን ኩራት ቶሎ ተጸጸተበት። ሐጂ ከክብር ቦታቸው ተነስተው እኔ ጎን መጥተው ተቀመጡ። በረኪናው ስንት ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ላሜራው ስፋቱ፣ ምስማሩ የት የት፣ ጥላው፣ ውሃው። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ወደ እኛ ዞሩ። ሰይድ ስለ ወለሉ ንጣፍ ሊያወራ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ቆይማ ሰይድ፣ መምህሩን እናዳምጥ» አሉት። ኒካሁ ታሰረ፣ ዱአ ተደረገ፣ ምሳ ተበላ፤ ሲሄዱ ግን ሐጂ እጄን ይዘው በበሩ ላይ፣ «መምህር፣ ዋጃ ትመጣለህ፤ አንተን ሳላመጣ ጣሪያዬን አላስነካም፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። ከሰይድ ጋር የተሰናበቱት ከእኔ ቀጥሎ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰይድ ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ደህና ነህ» ይላል፣ ያልፋል። ቅር ያለው ነገር ቢኖር ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምንም።»

«ሰይድ።»

የጆንያውን ክር እየጎተተ ቆየ። «ያ ሁሉ ሰው ለልጄ ኒካህ ነው የመጣው» አለ በመጨረሻ። «ቤት ሠርቻለሁ፣ በግ አርጃለሁ። አንተን ይዘው ዋሉ። ትናንት ገበያ ላይ አንዱ፣ አንተ የመምህሩ ጎረቤት ነህ አይደል አለኝ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ መደሰት ነበረብኝ። ተደስቼም ነበር፤ ለትንሽ። ከዚያ የተቀመጠበትን አቀማመጥ፣ ክሯን አጎታተቱን፣ ወደ እኔ ላለማየት መንገዱን የሚያይበትን ሁኔታ ሳይ አሳዘነኝ። ይህን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅም አውቃለሁ። እሱ ገና መግባቱ ነው።

ከጎኑ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ትከሻውን ያዝኩት።

«ያልፋል» አልኩት።

እንደማያልፍ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ በራያ ሜዳ ከእኔ የሚቀድም የለም። ግን ለጎረቤት ሁሉም ነገር አይነገርም።